በልማት ወቅት የሚሄዱትንና የሚታዩትን ቴስቶች መምረጥ፦ በፓይቴስት ለሚሠሩ ቡድኖች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በፓይተን ሶፍትዌር ለሚሠሩና ቴስቶቻቸውን (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹ አጫጭር ኮዶችን) ፓይቴስት በሚባለው የቴስት ማስኬጃ መሣሪያ ለሚያስኬዱ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። ቴስቶች ጥቂት ሳሉ በእያንዳንዱ ለውጥ ሁሉንም ማስኬድ ቀላል ነው። ቁጥራቸው ሲበዛ፣ በተለይም አንዳንዶቹ ዳታቤዝ፣ ሌሎቹ ደግሞ ኢንተርኔት ሲፈልጉ፣ የሥራው ሰዓት በመጠበቅ ያልቃል፤ መጠበቅ የሰለቸው ሰው ደግሞ ቴስት ማስኬዱን ጨርሶ ይተወዋል። መብራት በሚቆራረጥበትና የኢንተርኔቱ ፍጥነት ከሰዓት ሰዓት በሚለያይበት በጎንደር ለሚሠራ ቡድን ይህ ችግር ይበልጥ ስለሚሰማ፣ የትኛው ቴስት መቼ እንደሚሄድ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

ለማብራሪያ እንዲመች፣ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባሉ የእንግዳ ማረፊያዎች አልጋ ለማስያዝ የሚያገለግል አንድ ሥርዓት እንውሰድ። ሥርዓቱ ቀንን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳውያን ይለውጣል፣ የእንግዶችን ስም ይፈልጋል፣ ምዝገባውን በዳታቤዝ ያስቀምጣል፣ ክፍያውን በቴሌብር ይቀበላል። ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ በሚሞላበት ሰሞን በቀን ስሌት ላይ የሚፈጠር የአንድ ቀን ስህተት ሰውን ያለ ማደሪያ ስለሚያስቀር፣ ቴስቶቹ በከንቱ የተጻፉ አይደሉም። የትእዛዞችንና የአማራጮችን ስም በአማርኛ ድምፃቸው ጽፌአቸዋለሁ፤ በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል መሆኑን ልብ ይበሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ መርሕ መያዝ ይገባል። አንድ ቴስት አለመሄዱ አንድ ነገር ነው፤ አለመሄዱ አለመታወቁ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በልማት ወቅት የሚሄዱትን የፈለጉትን ያህል ማጥበብ ይችላሉ፤ ምን እንደቀረና ለምን እንደቀረ ግን ሁልጊዜ በውጤቱ ላይ መታየት አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያገለግሉት ይህንኑ ነው።

ደረጃ 1፦ ያሉትን ቴስቶች በትክክል ማወቅ

ምርጫ ከመጀመርዎ በፊት ፓይቴስት የሚያያቸውን ቴስቶች ያስዘርዝሩ። «ኮሌክት ኦንሊ» የሚባለው አማራጭ ምንም ቴስት ሳያስኬድ ያገኛቸውን ሁሉ ይዘረዝራል፤ ከ«ኪው» አማራጭ ጋር ሲጣመር ዝርዝሩ በመስመር አንድ ቴስት ሆኖ ስለሚወጣ ለመቁጠር ይመቻል። ዝርዝሩን ከኮዱ ጋር ያስተያዩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፉ ቴስቶች የሚጠፉት ማንም ሳይደብቃቸው ነውና።

ፓይቴስት በተለመደው ቅንብሩ የሚሰበስበው ስማቸው በ«ቴስት» እና በስር ሰረዝ የሚጀምር ወይም በስር ሰረዝ እና በ«ቴስት» የሚያልቅ የፓይተን ፋይሎችን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የክፍያ ቴስቶችን በያዘው ፋይል ስም መጀመሪያ ላይ «ቴስት» በማለት ፋንታ «ቴስትስ» ብሎ አንዲት የብዙ ቁጥር ፊደል ቢጨምር፣ በፋይሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ከዝርዝሩ ይወጣሉ፤ ስህተትም ማስጠንቀቂያም አይታይም። በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ቴስቶች አንድ ዓይነት ስም ሲኖራቸውም ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይተካዋል፤ ይህ የፓይተን የራሱ ባሕርይ ስለሆነ ፓይቴስት የሚያየው አንዱን ብቻ ነው። ቴስት ቀድተው ስሙን ሳይለውጡ የሚያርሙ ሰዎች በዚህ ይጎዳሉ። እንደ ራፍ ያለ የኮድ መርማሪ መሣሪያ የተደገሙ ስሞችን ስለሚጠቁም አብሮ ማስኬዱ ይጠቅማል።

ስለ ስም አንድ ነገር ልጨምር። ፓይተን 3 በስሞች ውስጥ የግዕዝ ፊደልን ይቀበላል፤ ስለዚህ የቴስቱ ስም በላቲኑ «ቴስት» ከጀመረ በኋላ ቀሪው በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበትን ዓመት የሚፈትሽ ቴስት ይህንኑ በስሙ ቢናገር ሲወድቅ ለማንበብ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች መሆናቸውን አይርሱ። ቡድኑ በአማርኛ ስም ለመጠቀም ከወሰነ በፊደል አጠቃቀም ላይም መስማማት ይኖርበታል፤ አለዚያ በስም የሚፈልጉት ቴስት እያለ አይገኝም።

ደረጃ 2፦ መለካትና ምልክት ማድረግ

የትኛው ቴስት እንደሚዘገይ በግምት አይወሰን። «ዱሬሽንስ» የሚለውን አማራጭ ከ10 ቁጥር ጋር ሰጥተው ሁሉንም አንድ ጊዜ ሲያስኬዱ፣ ፓይቴስት ረጅም ጊዜ የወሰዱትን 10 ክንውኖች በመጨረሻ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ የቴስቱን ዝግጅት፣ ራሱን ቴስቱንና ማጽጃውን ለይቶ ስለሚያሳይ፣ አንዳንድ ጊዜ ቴስቱ ራሱ ፈጣን ሆኖ ሳለ ዳታቤዙን ለማዘጋጀት የሚወስደው ጊዜ ዋናው ችግር ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ሲሆን ቴስቱን ከማግለል ይልቅ ዝግጅቱን ማስተካከል ይቀድማል።

ቀጥሎ ቴስቶቹን በምልክት ይለዩ። ለምሳሌያችን ሦስት ምልክቶች ይበቃሉ፦ «ዘገምተኛ»፣ «ዳታቤዝ» እና «ኔትወርክ»። ምልክት ቴስቱ ለመሄድ ምን እንደሚያስፈልገው ቢናገር ይመረጣል። በጻፈው ሰው ወይም በተጻፈበት ወቅት የሚሰጡ ምልክቶች ከጥቂት ወራት በኋላ ትርጉማቸው ይጠፋል፤ «ይህ ቴስት ኢንተርኔት ይፈልጋል» የሚለው ግን ቴስቱ እስካለ ድረስ እውነት ሆኖ ይቆያል፤ መስመር በተቋረጠ ጊዜም ወዲያውኑ ጥቅም ላይ ይውላል።

ምልክቶቹን በፕሮጀክቱ የቅንብር ፋይል ውስጥ እያንዳንዱን ከአጭር ማብራሪያ ጋር ያስመዝግቡ፤ «ስትሪክት ማርከርስ» የሚባለውንም አማራጭ በዚያው ያክሉ። ይህ አማራጭ በሌለበት፣ አንድ ሰው የምልክቱን ስም በአንድ ፊደል ቢያሳስት ፓይቴስት ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ያልፋል። ማስጠንቀቂያውን ማንም ካላነበበው፣ ኢንተርኔት የሚፈልገው ቴስት «ኔትወርክ ያልሆኑትን አስኪድ» በተባለ ጊዜ አብሮ ይሄዳል፣ መስመሩ ሲቋረጥ ይወድቃል፣ ሰዎችም በቴስቶቹ ላይ እምነት ያጣሉ። አማራጩ ሲኖር ያልተመዘገበ ምልክት ገና በመሰብሰቡ ወቅት ስህተት ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ለዕለት ሥራ መምረጥ

በአንድ ነገር ላይ ሲያተኩሩ ሦስት የመምረጫ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የፋይሉን አድራሻ መስጠት ነው፤ ከፋይሉ ስም በኋላ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ጽፈው የቴስቱን ስም ሲያስከትሉ ያ አንድ ቴስት ብቻ ይሄዳል። ሁለተኛው የ«ኬ» አማራጭ ሲሆን በስም ይመርጣል። የሚመርጠው በስም ቁራጭ ስለሆነና የፋይሉንና የክላሱን (ቴስቶች በፋይል ውስጥ የሚሰባሰቡበትን ክፍል) ስም ጭምር ስለሚመለከት፣ አጭር ቃል ከሰጡት ያላሰቡትን ሁሉ ይሰበስባል። ስለዚህ ከማስኬድዎ በፊት ያንኑ ትእዛዝ ከ«ኮሌክት ኦንሊ» ጋር አንድ ጊዜ ይሞክሩት። ሦስተኛው በምልክት የሚመርጠው የ«ኤም» አማራጭ ነው፤ «ኖት»፣ «አንድ» እና «ኦር» በሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ምልክቶችን ማጣመር ይቻላል።

ብዙ ቡድኖች ዘገምተኞቹን የሚያስቀረውን ምርጫ በቅንብር ፋይሉ «አድኦፕትስ» በሚባለው መስመር ላይ በቋሚነት ያስቀምጡታል። ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን በቅንብሩ የተጻፈው የ«ኤም» ምርጫ በተርሚናል ላይ ሌላ የ«ኤም» ምርጫ ሲጻፍ ሙሉ በሙሉ ይተካል እንጂ ሁለቱ አይደመሩም። በቅንብሩ «ዘገምተኛ ያልሆኑትን» ብለው፣ በተርሚናል ደግሞ «ዳታቤዝ» ብለው ቢጽፉ፣ ዘገምተኛ የሆኑት የዳታቤዝ ቴስቶች ጭምር ይሄዳሉ። የእኔ ምክር ማግለያውን በቅንብሩ ውስጥ ባለማስቀመጥ ሙሉውን ስብስብ መነሻ ማድረግ፣ ለፈጣኑ ምርጫ ደግሞ ቡድኑ የሚጋራው አጭር ትእዛዝ በሜክፋይል (የፕሮጀክቱ አጫጭር ትእዛዞች በሚጻፉበት ፋይል) ውስጥ ማዘጋጀት ነው። ፓይቴስት ብሎ ብቻ የጻፈ አዲስ የቡድን አባል፣ ሁሉም ቴስት ሄዷል ብሎ በስህተት እንዳያምን የሚጠብቀው ይህ ነው።

ስህተት እያረሙ ሲሆን «ላስት ፌይልድ» የሚለው አማራጭ ባለፈው ጊዜ የወደቁትን ብቻ ያስኬዳል፤ «ፌይልድ ፈርስት» ደግሞ የወደቁትን አስቀድሞ ቀሪዎቹን ያስከትላል። የ«ኤክስ» አማራጭ በመጀመሪያው ውድቀት ላይ ያስቆማል። ኢትዮጵያዊ ቀን የሚለውጠውን ኮድ ሲያርሙ «ኤክስ»ን ከ«ፌይልድ ፈርስት» ጋር ማጣመር በጣም ይመቻል፤ ያረሙት ነገር እንዳለፈ ወዲያው ያውቃሉ፣ ካለፈም ቀሪዎቹ ሳይጠየቁ ይቀጥላሉ።

እዚህ ላይ የመብራት ጉዳይ ይገባል። ፓይቴስት የወደቁትን ዝርዝር በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ በሚገኝ የተደበቀ የማከማቻ ፎልደር የሚጽፈው ሥራው ሲያበቃ ነው። ራስዎ በቁልፍ ሲያቋርጡት ለመጻፍ ጊዜ ያገኛል። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ በድንገት ከተዘጋ ግን የተቀመጠው ዝርዝር ከዚያ በፊት የነበረው ነው። ስለዚህ ከመብራት መቋረጥ በኋላ «ላስት ፌይልድ» ብለው ሁሉም አልፎ ቢያዩ አይመኑት፤ ሙሉውን ስብስብ አንድ ጊዜ ያስኪዱ።

ደረጃ 4፦ ለማይሄድ ቴስት ትክክለኛውን መንገድ መምረጥ

ከመመሪያው ሁሉ ትልቁ ክፍል ይህ ነው። አንድ ቴስት እንዳይሄድ ወይም ውድቀቱ ሥራ እንዳያግድ የሚያደርጉ አራት መንገዶች አሉ፤ በውጤቱ ላይ የሚተዉት አሻራ ግን እጅግ ይለያያል።

ፋይሉን ወይም ፎልደሩን ከመሰብሰብ ማግለል የመጀመሪያው ነው። በ«ኢግኖር» አማራጭ ወይም በቅንብር ፋይሉ የተገለለ ቴስት በውጤቱ ላይ በምንም መልክ አይቆጠርም፤ እንዳልተጻፈ ያህል ነው። በራስ ሰር ለሚፈጠሩ ፋይሎችና ከውጭ ለተቀዱ ላይብረሪዎች ካልሆነ በቀር ይህን መንገድ አልመክርም። በተመሳሳይ፣ ቴስትን በአስተያየት ምልክት መዝጋት ከዚህ የባሰ ነው፤ ኮዱ ሲለወጥ የተዘጋው ቴስት እየሻገተ ይሄዳልና።

ሁለተኛው በ«ኬ» ወይም በ«ኤም» ሳይመረጥ መቅረት ነው። ፓይቴስት በመጨረሻው መስመር ላይ ስንት ቴስቶች ሳይመረጡ እንደቀሩ ቁጥሩን ይነግርዎታል፤ የትኞቹ እንደሆኑ አይዘረዝርም። ለጊዜያዊ የግል ምርጫ ይህ በቂ ነው።

ሦስተኛው «ስኪፕ» ነው። ቴስቱ ይቆጠራል፣ ሳይሄድ ይታለፋል፣ ምክንያቱም ይመዘገባል። ይህ ተገቢ የሚሆነው ቴስቱ በዚህ ማሽን ላይ ሊሄድ የማይችል ሲሆን ነው። የቴሌብር መሞከሪያ ቁልፍ በሌለው ላፕቶፕ ላይ የክፍያውን ቴስት «ስኪፕ ኢፍ» በሚለው ሁኔታ ማሳለፍ ትክክል ነው፤ ምክንያቱንም «የቴሌብር መሞከሪያ ቁልፍ አልተቀመጠም» ብሎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይገባል። ይሁንና ይኸው ሁኔታ የቡድኑን ለውጦች ተቀብሎ ቴስቶቹን በራሱ በሚያስኬደው ማዕከላዊ ሰርቨር ላይ አደገኛ ነው። ቁልፉ አንድ ቀን ከሰርቨሩ ቢጠፋ የክፍያ ቴስቶች ሁሉ በጸጥታ ይታለፋሉ፣ ውጤቱም አረንጓዴ ሆኖ ይቀጥላል። እንዲህ ያለውን የሰርቨር ሥራ የሚሰጠው ጊትሃብ አክሽንስ የሚባለው አገልግሎት «ሲአይ» የሚባለውን ተለዋዋጭ እውነት አድርጎ ስለሚያስቀምጥ፣ የማሳለፊያው ሁኔታ ይህንን አይቶ በሰርቨር ላይ እንዳያሳልፍ አድርገው ይጻፉት። በዚያ ቁልፍ ከሌለ ቴስቱ ይውደቅ፤ መውደቁ ነው የሚፈለገው።

አራተኛው «ኤክስፌይል» ሲሆን «ይህ ቴስት እንደሚወድቅ እናውቃለን» ማለት ነው። ቴስቱ ይሄዳል፤ ሲወድቅ ሥራውን አያግድም። የስም ፍለጋውን እንውሰድ፦ ሥርዓቱ «ሀ»ን፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን እንደ አንድ መቁጠር ችሎ፣ «ጸ» እና «ፀ»ን ገና አላስተካከለም እንበል። ጉድለቱን የሚያሳየውን ቴስት ማጥፋትም ማሳለፍም አያስፈልግም፤ በ«ኤክስፌይል» ምልክት ተደርጎበት ጉድለቱ በውጤቱ ላይ ይቆይ። ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። አንደኛ፣ «ስትሪክት» የሚለውን እውነት ያድርጉ፤ አለዚያ አንድ ሰው ጉድለቱን ሲያርመው ቴስቱ ሳይታሰብ አልፎ ማንም ሳያስተውለው ይቀራል፤ ምልክቱም እዚያው ተጣብቆ ወደፊት የሚመጣውን እውነተኛ ስህተት ይሸፍናል። ሁለተኛ፣ «ሬይዝስ» በሚለው መለኪያ የሚጠበቀውን የስህተት ዓይነት ይግለጹ፤ ዳታቤዙ ባለመነሳቱ የወደቀ ቴስት በፊደል ጉድለት እንደወደቀ እንዳይቆጠር።

አልፎ አልፎ የሚወድቅ ቴስት ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለውን ወዲያውኑ «ስኪፕ» ማድረግ የተለመደ ነው፤ በቀን ሥራ ላይ ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቴስቱ የዛሬን ቀን ከኮምፒውተሩ መውሰዱ ነው። ጥምቀት ጥር 11 በ2016 ዓ.ም. ጃንዋሪ 20፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጃንዋሪ 19 ላይ ነበር፤ ልዩነቱ የመጣው የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች ነው። ከዛሬ ተነስቶ የሚያሰላ ቴስት ሦስት ዓመት አልፎ በአራተኛው ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው የተወሰነ ቀን ለቴስቱ መስጠት ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 እና መስከረም 1 ቀን 2016 ምንጊዜም በዝርዝሩ ውስጥ ይኑሩ።

ደረጃ 5፦ የሚታየውን ማስተካከል

የ«አር» አማራጭን ከ«ኤ» ፊደል ጋር በ«አድኦፕትስ» ላይ ያስቀምጡ። ይህ ካለፉት በስተቀር የታለፉትን፣ እንደሚወድቁ የተጠበቁትንና የወደቁትን ሁሉ ከነምክንያታቸው በመጨረሻ ያሳያል። ረጅም የስህተት ዝርዝር ተርሚናሉን ካጥለቀለቀው «ቲቢ» የሚለውን አማራጭ «ሾርት» ያድርጉት። የሚቀነሰው የስህተቱ ማብራሪያ ርዝመት ይሁን፤ የታለፉት ዝርዝር አይነካ።

በአማርኛ ጽሑፍ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ችግር ያጋጥማቸዋል። አንድ ቴስት በብዙ ግብዓቶች እንዲሄድ «ፓራሜትራይዝ» ሲደረግ፣ ፓይቴስት የእያንዳንዱን መለያ ከግብዓቱ ይሠራል፤ ከአስኪ (ከመሠረታዊዎቹ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ስብስብ) ውጭ ያሉ ፊደሎችን ግን በቁጥር ኮድ ይተካቸዋል። «ፀሐይ» እና «ኃይሉ» በሚሉ ስሞች የተፈተሸ ቴስት ሲወድቅ በውጤቱ ላይ የሚታየው የማይነበብ የቁጥሮች ሰንሰለት ነው፤ በ«ኬ» ለመምረጥም አይመችም። ይህን መተካት የሚያጠፋ ቅንብር አለ፤ ሆኖም የፓይቴስት አዘጋጆች የቅንብሩን ስም ራሱን ሲያወጡ የማኅበረሰቡን ድጋፍ የማግኘት መብት እንደሚያሳጣ አድርገው ስለሰየሙት ለቡድን ሥራ አልመርጠውም። ይልቅ ለእያንዳንዱ ግብዓት በላቲን ፊደል አጭር መለያ ይስጡ፤ ግብዓቱ አማርኛ ሆኖ ይቀራል፣ መለያውም በውጤቱ ላይ ይነበባል፣ ለመምረጥም ያገለግላል።

በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የቴስት ዝርዝር ላይ ማጣራትም መደበቅም ይቻላል። የደበቁት በእርስዎ ማሽን ላይ ብቻ ስለሚቀመጥ፣ የሥራ ባልደረባዎ አያየውም፤ እርስዎም ከጊዜ በኋላ ይረሱታል። ኮሚት ከማድረግዎ (ለውጡን በኮድ ማከማቻው ከመመዝገብዎ) በፊት ከኤዲተሩ ወጥተው በተርሚናል ያስኪዱ።

ደረጃ 6፦ በማዕከላዊው ሰርቨር ላይ ምርጫን መገደብ

ለውጥ በተላከ ቁጥር ሰርቨሩ ኔትወርክ ከሚፈልጉት በቀር ሁሉንም ያስኪድ፤ ኔትወርክ የሚፈልጉት ደግሞ በየሌሊቱ ከቀሪዎቹ ጋር ይሂዱ። የጊትሃብ አክሽንስ የጊዜ ሰሌዳ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነና እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም፣ በሰሌዳው ላይ 0 ሰዓት ብለው የጻፉት በጎንደር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ጠዋት ቢሮ የሚገባው ሰው ውጤቱን ተዘጋጅቶ ያገኘዋል።

ፓይቴስት ሥራውን ሲጨርስ ለሰርቨሩ ቁጥር ይመልሳል፦ 0 ሁሉም አለፉ ማለት ነው፣ 1 የወደቀ አለ ማለት ነው፣ 5 ደግሞ አንድም ቴስት አልተሰበሰበም ወይም አልተመረጠም ማለት ነው። አንዳንድ ቡድኖች በባዶ ፎልደር ምክንያት 5 ሲመጣባቸው ሰርቨሩ እንዳይቆም እንደ 0 ይቆጥሩታል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። በምርጫው ላይ የምልክቱ ስም በስህተት ቢጻፍና ምንም ቴስት ባይመረጥ፣ ይህን የሚነግርዎት ያ 5 ቁጥር ነው። የተገለበጠው ስህተት ግን በቁጥር አይታወቅም፦ «ይህ ምልክት የሌላቸውን» ሲሉ ስሙን ካሳሳቱ ምንም የሚቀር ቴስት አይኖርም፤ ሁሉም ይሄዳሉ። ስለዚህ ምርጫውን በለወጡ ቁጥር ሳይመረጡ የቀሩትን ቁጥር ከቀድሞው ጋር ያስተያዩ።

ደረጃ 7፦ የታለፉትን መከታተል

እያንዳንዱ «ስኪፕ» እና «ኤክስፌይል» ምክንያት፣ የተመዘገበበት የሥራ ቁጥርና ዳግም የሚታይበት ቀን ይኑረው፤ ሦስቱም በምክንያቱ ጽሑፍ ውስጥ ይጻፉ። ኮድ የሚገመግመው ሰው ምክንያት የሌለውን ማሳለፊያ አይቀበል። ቡድኑ በየወሩ ሙሉውን ስብስብ አስኪዶ የታለፉትን ዝርዝር አንድ በአንድ ያንብብ፤ ቀኑ ያለፈበት ቴስት ይታረም፣ ወይም የሚፈትሸው ነገር ከሥርዓቱ ወጥቶ ከሆነ ይሰረዝ። ይህ ግምገማ ታኅሣሥ ላይ ሳይዘለል መደረግ አለበት፤ የጥምቀት ምዝገባ ከተጀመረ በኋላ የክፍያ ቴስት ታልፎ መቆየቱን ማወቅ በጣም የዘገየ ነውና።